ባለ ሁለት ቤቶች

በሱዳን፥ በገዳሪፍ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ፥ ባለጸጋም ይሁን ድኻ፥ ሁለት ቤት አለው ብል፥ ነገሩን በክፉ የሚተረጕሙ እንደማይታጡ ዐውቃለሁና አስቀድሜ ላስረዳ፤ ሁለት ቤት ማለቴ ሁለት ትዳር ማለቴ አይደለም፥ ባለቤቴ ሳታየው ከዚህ ግቢ የሚወጣ ጽሑፍ ስለሌለም በዚህ ነገር ምስክሬ እርስዋ ናት። ያልሁት እንዲህ ነው፤ በአንድ ግቢ፥ በአንድ ጣራ ሥር፥ ያው አንዱ ቤተ ሰብ ሆነን ሳለን፥ መብራት ሲኖር የምንኖርበት ቤትና መብራት ሲሄድ የምንኖርበት ቤት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ዕቃቸው ሌላ፥ የምግብ ሰዓታቸው ሌላ፥ የመኝታ ስፍራቸው ሌላ፥ ይልቁንም የነዋሪዎቻቸው ጠባይ ሌላ ነው። በመብራቱ ቤት ትዕግሥተኛ የነበረው አባት በሁለተኛው ቤት ቍጡ ይሆናል፤ በመብራቱ ቤት ድምፃቸው የማይሰማው አማት በሁለተኛው ቤት ሥልጣን ይይዛሉ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የምንዛወርበትን ሰዓት ግን የምንወስነው እኛ አይደለንም፤ የዝውውሩ ደብዳቤም አስቀድሞ አይደርሰንም።

በጎንደር ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ዓመቱን የሚከፍለው በዝናብ ነው፤ ክረምቱን በጋቢ፥ በጋውን በነጠላ አሳልፎ፥ ሙቀት የሚባለውን ነገር ከምድጃ ዳር በቀር ሳያውቀው ይኖራል። መተማን ዐልፎ ገላባትን የረገጠ ዕለት ግን ሌላ ባሕረ ሐሳብ ይማራል። ከመጋቢት እኩሌታ ጀምሮ የሰኔ ዝናብ እስኪጥል ድረስ፥ ሰሊጥና ማሽላ በሚያበቅሉት በእነዚህ ወሰን የለሽ ሜዳዎች ላይ ፀሐይ ያለ ተቀናቃኝ ትነግሣለች፤ የሙቀት መለኪያው ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ መዋሉን ማንም እንደ ወሬ አያወራውም፤ ጥቍሩ ዋልካም ተሰነጣጥቆ የሰው እግር የሚያስገባ አፍ ይከፍታል። ዐቢይ ጾምና ሰሙነ ሕማማት የሚውሉት በዚሁ ወራት ነውና፥ ስግደቱን በላብ ታጥቦ የሚፈጽመው ምእመን፥ ስለ ሠለስቱ ደቂቅ፥ የእቶኑ እሳት በመልአኩ ስለ መቀዝቀዙ ሲነገር፥ በደጋ ካሉት ወንድሞቹ ይልቅ ጆሮውን አቅንቶ ያዳምጣል፤ እነርሱ የሚሰሙት የሃይማኖት ነገር ነው፥ እርሱ ግን ዘዴውንም ጭምር ማወቅ ይፈልጋል።

ስለ ሙቀት ማጕረምረም ግን በሀገራችን ሽማግሎች ዘንድ አያስመሰግንም። አንድ በዕድሜ የገፉ ያገራችን ሰው፥ በላቤ ተጠምቄ ስማረር አግኝተውኝ፥ «ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ሜዳ ከድርቡሽ ጋር ሲገጥሙ ሙቀቱ ይኸው ነበር፤ ማን ቬንትሌተር አበራላቸው?» ብለው ገሠጹኝ። እኔም ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ውጊያ በሕይወት እንዳልተመለሱ ላስታውሳቸው አፌን ከከፈትሁ በኋላ፥ ለአባት መልስ መስጠት ነውር መሆኑ ትዝ ብሎኝ መልሼ ዘጋሁት።

መብራት የሚሄደው ዘወትር ሰው በሚፈልገው ሰዓት ነው ብል የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ማማት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ሰው የማይፈልገው ሰዓት በግንቦት የለምና በየትኛውም ሰዓት ቢሄድ ያው ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፥ ምሳ ተበልቶ ሁሉም ጋደም ባለበት ጊዜ፥ በመስኮቱ ላይ የተሰቀለው ሙከይፍ ሥራውን ይሠራል። ሙከይፍ የምንለው፥ በጐንና በጐኑ የእንጨት ፍቅፋቂ ንጣፍ የለበሰ፥ በውስጡ ውኃውን ወደ ላይ የምትረጭ ትንሽ ሞተርና ነፋሱን ወደ ቤት የሚስብ ትልቅ ማራገቢያ ያለበት የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ድምፁ የወፍጮ ያህል ቢሆንም እንቅልፍ የሚወስደን በእርሱ ነው። ድንገት ያ ድምፅ ሲቋረጥ የተኛው ሁሉ ይነቃል። ማንም አይናገርም፤ የሁላችንም ዓይን ወደ ጣራው ቬንትሌተር ይወጣል። ክንፎቹ በቀራቸው ጉልበት ጥቂት ይዞራሉ፤ ከዚያ አንድ ነጭ ክብ የነበረው ሦስት ይሆናል፤ ከዚያ በየክንፉ ጠርዝ የተጋገረው አቧራ ይታያል፤ በመጨረሻም አንደኛው ክንፍ ወደ በሩ አመልክቶ፥ ውጡ የሚለን ይመስል፥ ቀጥ ይላል። በዚህን ጊዜ ከወዲያኛው አጥር አንድ ሕፃን «ገጠዐት!»፥ ማለት «ተቋረጠች!» ብሎ የሰፈሩን ሁሉ መርዶ ያረዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ ነው። መብራቱ የሄደው ከቤት ነው፥ ከሰፈር ነው፥ ወይስ ከሀገር? ከቤት ከሆነ፥ በቅድሚያ የተከፈለው ሒሳብ አልቋልና፥ የአዲሱን ሒሳብ ሃያ አኃዝ ከቆጣሪው ላይ የሚሞላ ሰው ይፈለጋል፤ ይህንንም ሥራ ለልጆች ትተንላቸዋል፥ ምክንያቱም ዐይኑ የደከመ ሰው አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲሳሳት የሚደርስበትን ኀዘን መግለጽ አይቻልም። ከሰፈር ከሆነ አንድ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል። መልእክተኛው ተመልሶ «የእነርሱም የለም» ሲል በቤታችን የሚሰማው እፎይታ፥ ለክርስቲያን ልብ የማይገባ ቢሆንም፥ ከሙከይፉ ነፋስ ያልተናነሰ ቅዝቃዜ አለው። «የእነርሱ አለ» ካለ ግን ያ ቀን ጨልሟል፤ ሙቀቱ እንኳ በዐሥር ዲግሪ የጨመረ ይመስላል።

ከሀገር በሆነ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ወደ ፍልስፍና ያመራል። የዚህ ሀገር መብራት የሚበዛው ክፍል ከውኃ የሚወለድ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ያለቀው የሮሴሬስ ግድብ በዐባይ ላይ፥ በ2001 ዓ.ም. የተመረቀው የመረዌ ግድብ በታላቁ በናይል ወንዝ ላይ፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 320 ሜጋ ዋቱ የላይኛው አትባራና የሰቲት ግድብ ደግሞ በእኛው በተከዜና በእኛው በጓንግ ውኃ ላይ ተሠርተዋል፤ ተከዜ ድንበሩን ሲሻገር ሰቲት፥ ጓንግም ዝቅ ሲል አትባራ ይባላሉና። የፍጥረት ሥርዐት ግን ሙቀቱንና ውኃውን በአንድ ወር አላገናኛቸውም። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ በሰኔ 1853 ዓ.ም. በአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ወንዙ ደርቆ፥ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶ፥ አሸዋ ሆኖ ነበር፤ አንድ ሌሊት ግን ከሩቅ የነጐድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰምቶ፥ ሰዎቹ «ወንዙ! ወንዙ!» እያሉ ከአሸዋው ሸሽተው፥ በማግሥቱ በዚያ ደረቅ ስፍራ ሰፊ ወንዝ ሲፈስስ አይቶ ጽፏል። ዛሬም ነገሩ ያው ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ውኃው ይደክማል፤ ውኃው ሲበረታ ደግሞ ከደጋው አፈርና ግንድ ጠርጎ ይመጣና የግድቡን አፍ ያስቸግራል። እኛ በመካከል ሆነን በሚያዝያ ውኃ ጠፋ፥ በነሐሴ ጭቃ በዛ የሚል ምክንያት እንሰማለን፤ ሁለቱም እውነት መሆናቸው ነው የሚያናድደው።

በዚህ ላይ ከሀገራችን የሚመጣ መብራትም አለ። በ2006 ዓ.ም. የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽርና ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በዚሁ በገዳሪፍ ተገኝተው፥ ከባሕር ዳር በጎንደርና በሸኽዲ አድርጎ እስከዚህ የተዘረጋውን የ230 ኪሎ ቮልት መሥመር መረቁ፤ እስከ 100 ሜጋ ዋትም ኃይል ያሻግር ዘንድ ታሰበ። እንግዲህ ከጣና ዙሪያ ተነሥቶ፥ ቋራንና መተማን በግራና በቀኝ እያየ፥ ያለ ፓስፖርት ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ የገባ ስደተኛ እኔ ብቻ አይደለሁም። የእኔና የእርሱ ልዩነት፥ እርሱ የከፋው ዕለት በቅጽበት ወደ ሀገሩ መመለስ መቻሉ ነው።

ይህ መሥመር ያመጣብኝም ጣጣ አለ። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ ማግሥት፥ አጥር የሚያዋስነን ሐጂ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩተው፥ ሰላምታውን በሙሉ ሥርዐቱ ካደረሱ በኋላ፥ ስለ እናቴ፥ ስለ ልጆቼና ስለ ፍየሎቼ ጤንነት ከጠየቁኝ በኋላ፥ «ግድባችሁ 5,150 ሜጋ ዋት ያወጣል ይባላል፤ ታዲያ የእኔ አምፖል ምን አደረገህ?» አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በመንገዳችን መብራት በሄደ ቍጥር መልስ የሚጠበቀው ከእኔ ነው፤ በሹመቱ ባልደሰትም በደሞዝ አልባነቱ ግን ከብዙ ሹመቶች ይሻላል፥ የሚቀናብኝ የለምና።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ለመብራት መሄድ ሌላ፥ የማያሥቅ ምክንያት ተጨምሯል። በጥር 2017 ዓ.ም. የሸዋክ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ በድሮን ተመትቶ ምሥራቁ በጨለመ ጊዜ፥ ከካርቱምና ከወድ መደኒ ተፈናቅለው በየትምህርት ቤቱ የተጠለሉትን ሰዎች ያየ፥ ስለ ራሱ ሙከይፍ ለማውራት ከንፈሩ አልታዘዘለትም። ስለዚህ እኔም ከዚህ በታች የምናገረው፥ እግዚአብሔር ጣራና ግቢ ላስቀረለት ሰው ስለሚገጥመው ትንሽ ችግር ብቻ መሆኑ ይታወቅልኝ።

በቤታችን አንዲት ትንሽ የቻይና ጀነሬተር አለች፤ አቅሟ አንድ ሺሕ ዋት ገደማ ነው። ይህች ፍጥረት በመጣች ጊዜ ሰላም ይመጣል ብለን ነበር፤ የመጣው ግን ጉባኤ ነው። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች በብዙ ክርክርም ቢሆን በአንድ ጸሎተ ሃይማኖት ተስማምተው ወጥተዋል፤ እኛ ስድስት ሰዎች ግን በአንዲት ማከፋፈያ ላይ ምን ይሰካ በሚለው እስከ ዛሬ ቀኖና አላወጣንም። ባለቤቴ ፍሪጁ ይቅደም ትላለች፥ በውስጡ ያለውን ሥጋ የተገዛበትን ዋጋ የምታውቅ እርስዋ ናትና። አማቴ ቬንትሌተሩን ይፈልጋሉ፥ አባትና እናትን ማክበር በዐሠርቱ ቃላት የታዘዘ መሆኑንም ያሳስባሉ። ልጆቹ የስልካቸው ባትሪ ወደ ሞት እየሄደ መሆኑን በመቶኛ እያሰሉ ይናገራሉ፤ ኳስ ያለ ዕለት ደግሞ የቴሌቪዥኑ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ይሆናል። እኔ ሊቀ መንበር ስለ ሆንሁ ምንም አልጠይቅም፥ ቤንዚኑን እንድቀዳ ብቻ ይፈቀድልኛል። ጀነሬተሯም ጭሷ ገዳይ ስለ ሆነ ከቤት ርቃ ከግቢው ጥግ ትቀመጣለች፤ እኔም በፀሐይ አጠገቧ ቆሜ ገመዷን ስስብ የማፈሰው ላብ፥ እርሷ ከምትሰጠን ቅዝቃዜ የበለጠ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው የምጣዱ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺሕ ዋት በላይ የሚበላ በመሆኑ፥ ከጀነሬተሯ ጋር ቢያገናኙት ነፍሷ በአፍንጫዋ ትወጣለች። ሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። በጎንደር ቅዝቃዜ ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ በገዳሪፍ በአንድ ቀን ይነሣል፤ መብራት ሄደ ተብሎ ቢለመንም አይሰማም፤ አረፋውን እየተፋ የቡሃቃውን ከንፈር ዐልፎ በጐን ይወርዳል፥ ኮምጣጤ ሽታውም ማጀቱን ይሞላል። ባለቤቴ በየሰዓቱ ክዳኑን እያነሣች ስታየው፥ በሽተኛ የምታስታምም እንጂ እንጀራ የምትጋግር አትመስልም። ስለ ሙቀት ስትጠየቅ «ለእኔ ምንም አይደል፤ ለሊጡ ነው የማዝነው» ትላለች።

የፍሪጁን ሕግ ያወጡት አማቴ ናቸው። በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለአራት ሰዓት ያህል እንደሚይዝ፥ በዚህ ሙቀት ደግሞ ከዚያም እንደሚያንስ ከሰሙ ወዲህ፥ በርጩማቸውን ከፍሪጁ ፊት አኑረው፥ መቍጠሪያቸውን ይዘው፥ እንደ ገነት ደጅ ጠባቂው ኪሩብ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ውኃ ፈልገው ሲመጡ «ውኃ ከዚሩ» ይሏቸዋል፤ ልጆቹም ውኃ ሳይሆን ፍሪጁን ከፍተው ማየት ብቻ ይፈልጉ እንደ ነበር ያን ጊዜ ይገለጣል።

እነሆ ዚሩን በጠቀስሁ ጊዜ ሁለተኛው ቤት ውስጥ ገባን። ዚር በብረት ወይም በእንጨት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ፥ ታቹ ሾል ያለ የሸክላ ጋን ነው። ሰውነቱ ላብ ያወጣል፤ ያ ላብ ወደ አየር ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳልና ውኃው ያለ ማንም ረዳት ይቀዘቅዛል። አንድ ሊትር ውኃ ተንኖ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት፥ በመብራት ቆጣሪ ቢለካ ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ዚሩ ግን ሃያ አኃዝ ሙሉልኝ አይልም። ሙከይፉም በእውነቱ ያው ዚር ነው፤ ማራገቢያና ደጅ ጠኚ ሽቦ ተጨምሮለት ማዕረጉ ከፍ አለ እንጂ ጥበቡ አልተለወጠም። ሁለቱም አየሩ ደረቅ በሆነበት በሚያዝያ ብርቱዎች ናቸው፤ በሐምሌ አየሩ እርጥበት በጠገበ ጊዜ ሁለቱም ይደክማሉ። ቢሆንም የሁለተኛው ቤት ነጻነት ፍጹም አይደለም፤ መብራት ሲሄድ የውኃው መግፊያም ስለሚቆም፥ በርሜል በተጫነበት በአህያ ጋሪ ውኃ የሚሸጠው ሰው ዋጋውን ያን ዕለቱን ከፍ ያደርጋል።

በግቢው መካከል፥ ከእንጨትና ከሣር የተሠራው ራኩባ ጥላውን ይጥላል፤ ማታ ደግሞ በገመድ የተጠለፉት፥ ዐንገረብ የሚባሉት አልጋዎች ወደ ግቢው ይወጣሉ፤ በታችም በላይም ነፋስ ስለሚያገኛቸው ከፍራሽ ይልቅ የሚመረጡ ናቸው። አንሶላ በውኃ ተነክሮ ይጨመቅና ይለበሳል፤ አጎበር ይዘረጋል፤ ዝንጅብል የገባበት ቡና በጀበና ይፈላል። በዚህ ቤት ሁሉም ነገር ዘገምተኛ ነው፤ ሰው ራሱ ካልቸኰለ በቀር የሚያቸኵለው የለም።

የዚህ ቤት መምህር እኒያ ሐጂ ጎረቤቴ ናቸው። መብራት ሲሄድ ከቶ አይደነግጡም፤ በራኩባቸው ሥር ጋደም ብለው፥ «እኛ ያደግነው በዚር ነው፤ እናንተ የዛሬ ሰዎች ሽቦ አሳመማችሁ» እያሉ ያስተምሩናል። ትምህርታቸውን በአክብሮት ስቀበል ኖሬ፥ አንድ ቀን ለኀዘን ወደ ሳሎናቸው ብገባ፥ ከእኔው የሚበልጥ አዲስ ሙከይፍ በመስኮቱ ላይ ተሰቅሎ፥ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ ሳይገፈፍለት አየሁ። ለልጃቸው ሠርግ የተቀመጠ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ጥበባቸው ሁሉ ተገለጠልኝ፤ መብራት ሲኖርም የማያበራ ሰው መብራት ሲሄድ ምን ይቀርበታል? ባለቤታቸው ሐጃይቱ ግን በዚህ ፍልስፍና እንደማይስማሙ፥ ከቀትር በኋላ የባለቤቴን ጤንነት ለመጠየቅ መጥተው፥ ከሙከይፋችን ፊት ለፊት ካለችው ወንበር ተነሥተው ስለማያውቁ እገነዘባለሁ።

የሶላሩም ነገር በሰፈሩ መወራት ከጀመረ ቈይቷል። ያሠቃየችን ፀሐይ ራስዋ መድኀኒቱን ትሸጥልን ዘንድ መምጣቷ ይገርመኛል። ደግሞም ሻጩ ሳይወድ እንደ ነገረኝ፥ ፓነሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ መጠን ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባትሪውም በሙቀት ዕድሜው ያጥራል። ፀሐይን የሚመገበው ዕቃ እንኳ የገዳሪፍን ፀሐይ ጥላ ፈልጎ የሚሸሻት ከሆነ፥ በእኛ ማን ይፈርዳል?

መብራት የሚመለሰው ግን፥ ልማዱ ሆኖ፥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። በዚያን ሰዓት የግቢው አየር ቀዝቅዞ፥ ሁሉም ከብዙ መገላበጥ በኋላ እንቅልፍ ወስዶታል። ድንገት የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ቦግ ይላል፤ «ጃት!»፥ ማለት «መጣች!» የሚል ጩኸት ከግቢ ወደ ግቢ ይዘላል። ባለቤቴ ተስፈንጥራ ምጣዷን ትሰካለች፤ ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ይራኰታሉ፤ እኔም የፍሪጁ ሞተር በደካማ ቮልት እንዳይቃጠል ጥቂት ደቂቃ ሳይሰካ እንዲቈይ ዘብ እቆማለሁ። ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣው ግድግዳ ሙቀቱን ወደ ውስጥ እየተፋ፥ ክፍሉ ከግቢው ይልቅ የሞቀ መሆኑን እያወቅን፥ የተከፈለበት ነውና ዐንገረቡን ትተን ወደ ክፍሉ እንገባለን። በዚህም መንገድ መብራት ሲሄድ ያጣነውን እንቅልፍ፥ መብራት ሲመጣ ሁለተኛ ጊዜ እናጣዋለን። ከአጥሩ ማዶ ግን የሐጂ ማንኰራፋት አልተቋረጠም።

ብዙ ካሰብሁበት በኋላ የደረስሁበት ይህ ነው፤ የሚያደክመን ሙቀቱ ብቻ አይደለም፥ በሁለት ቤት መካከል መመላለሱ ነው። ሁለተኛውን ቤት እንደ ውርደት ቈጥረን፥ ዚሩን ሳንሞላ፥ ራኩባውን ሳንጠግን፥ ዐንገረቡን ሳናስጠልፍ ስለምንጠብቀው፥ ሁልጊዜ እንደ ተባረረ ሰው ሆነን እንገባበታለን። አስቀድሞ የተሰናዳ ሁለተኛ ቤት ያለው ሰው ግን መብራት ሲሄድ ከአንዱ ርስቱ ወደ ሌላው ርስቱ የሄደ ያህል ነው።

ይህንኑ ሐሳብ ባለፈው ሰሞን ለቤታችን ጉባኤ አቅርቤ፥ ለባትሪ ካጠራቀምነው ገንዘብ ተነሥቶ አንድ ትልቅ ዚርና ሁለት ዐንገረብ እንዲገዛ፥ ራኩባውም ከዝናቡ በፊት እንዲታደስ ጠየቅሁ። አማቴ ደገፉ፤ ባለቤቴ አንድ የማገዶ ምጣድ እንዲጨመርበት በማሳሰብ ደገፈች፤ ሐጃይቱም የጉባኤው አባል ባይሆኑም ሙከይፉ እንዳይሸጥ አጥብቀው አሳሰቡ። ልጆቹ ብቻ ድምፀ ተዐቅቦ አደረጉ፤ ምክንያታቸውንም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ጠይቀው አስጽፈዋል፤ ዚር ስልክ አይሞላም።